ዙም የሌላት ካሜራ ካዛንቺስ ስትገባ

እስቲ ቀረብ በሉ፤ የአንዲት ትንሽ ካሜራ ነገር ልተርክላችሁ ነው።

ጊዜው እ.ኤ.አ. መስከረም 2010 ነው። ጀርመን አገር፣ ኮሎኝ ከተማ፣ ፎቶኪና የሚባለው ትልቅ የካሜራ ትርኢት ተከፍቷል። የዓለም ካሜራ ሠሪዎች ጥቁር ጥቁሩን፣ አንገት የሚሰብረውን ደርድረዋል። በዚህ መሀል ዕድሜውን ፊልም ሲሸጥ የኖረው የጃፓኑ ፉጂፊልም አንዲት ብርማ ካሜራ አውጥቶ አሳየ። ያየ ሁሉ የአባቱን ካሜራ ከሣጥን ውስጥ ያገኘ መሰለው። አናቷ ላይ ቁጥር የተቀረጸበት የሻተር መዘውር አለ። የብርሃን ማስገቢያው ቀዳዳ፣ አፐርቸሩ፣ በሌንሷ ዙሪያ በጣት ይዞራል። ጥግ ላይ ዓይን የሚጠጋባት መስኮት አለች። ውስጧ ግን ፊልም የሚባል ነገር የለም፤ 12.3 ሜጋፒክስል ዲጂታል ሴንሰር ነው፣ ያውም ከትልልቆቹ ካሜራዎች የሚገባው ኤፒኤስ-ሲ የሚሉት ዓይነት። ስሟን ኤክስ100 አሏት።

በዓመቱ በመጋቢት ገበያ ወጣች። በዚያው ወር ጃፓንን ያ ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ መታት። ፋብሪካው ሚያጊ ውስጥ፣ አደጋው ከበረታበት አካባቢ ነበርና ሥራው ለጊዜው ቆመ። ሰዉ ግን ገንዘቡን ይዞ ጠበቀ። 1,200 ዶላር ግድም ለምታወጣ፣ ሌንሷ ለማይነቀል፣ ዙም ለሌላት ካሜራ ሰልፍ!

   

ካሜራዋ ኮሎኝ ላይ በታየችበት ዓመት እኛ ጋ ምን ነበር? በዚያው በ2010 እ.ኤ.አ.፣ በታኅሣሥ፣ ፎቶ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለውን የፎቶ ፌስቲቫል ለመጀመሪያ ጊዜ አዲስ አበባ ላይ ከፈተች። መገጣጠሙን እወደዋለሁ። ከተማችን በካሜራ መታየትን ከጀመረች ቆይታለች፤ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ነበር፣ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒም ሙያውን ወርሰው ነገሥታትን ሲያነሱ ኖረዋል። ተራው ሰው ደግሞ ፎቶ ቤት ሄዶ፣ ከተቀባው መጋረጃና ከፕላስቲክ አበባው አጠገብ፣ በሙሉ ቁመቱ ቀጥ ብሎ ይቆም ነበር። ለመታወቂያ ጉርድ፣ ለወግ ማዕረግ ሙሉ ቁመት። ይቺን ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ ትጠቅመናለች።

እንግዲህ ወደ ወዳጄ ልግባ። ወዳጄ የካዛንቺስ ልጅ ነው። በ2011 ዓ.ም. ዋሽንግተን የሚኖር የአክስቱ ልጅ ለፋሲካ ሲመጣ፣ ሻንጣው ውስጥ በካልሲ ጠቅልሎ የዚያችን ካሜራ አራተኛ ትውልድ አመጣለት፤ ኤክስ100 ኤፍ ትባላለች። 24.3 ሜጋፒክስል፣ ከነባትሪዋ 469 ግራም። ግማሽ ኪሎ ስኳር አትሞላም።

ካዛንቺስን የማያውቅ ካለ፤ በጣልያን ጊዜ ለመንግሥት ሠራተኞች በተሠሩ ቤቶች የተጀመረ ሰፈር ነው። ከበላዩ ቤተ መንግሥት፣ ከጎኑ የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ከነአፍሪካ አዳራሹ፤ ያ በ1961 እ.ኤ.አ. የተመረቀው፣ አፈወርቅ ተክሌ በባለቀለም መስታወት ያስጌጡት። በመሀሉ ደግሞ የቀበሌ ቤት፣ ሥጋ ቤት፣ አዝማሪ ቤት፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ የውስጥ ለውስጥ መንገድ ነበር። ዲፕሎማቱ በዋናው፣ እኛ በጓሮው።

ወዳጄ ካሜራዋን ይዞ በወጣ ጊዜ ያደረገው ሁላችንም የምናደርገውን ነው። ከመንገድ ማዶ ቆሞ፣ ቆርቆሮ ተደግፈው ቡና የሚያፈሉ አንዲት እናት ላይ አነጣጠረ። ፎቶውን ሲያየው እናትየዋ ከጀበናቸው ጋር ከሩቅ የምትታይ ነጥብ ሆነዋል። ሌንሷ 23 ሚሊ ሜትር ነው፤ በድሮው የፊልም ሂሳብ 35 የሚባለው። ሩቅ ያለን አታመጣም። ፊት የሚፈልግ ሰው በእግሩ ይሄዳል።

እናትየዋ ግን አይተውታል።

«ምነው ልጄ፣ እዚያ ቆመህ ምን ትሰርቀኛለህ? ከፈለግህ ና፣ ቁጭ በል፣ ቡና ጠጥተህ አንሳኝ!»

ሄደ፣ ተቀመጠ፣ ጠጣ። እኔ የዚህችን ካሜራ ብርታት አንድ ብቻ ጥራ ብትሉኝ ይህንን እጠራለሁ፤ ሰነፍ ፎቶ አንሺ ሰው ዘንድ እንዲደርስ ታስገድዳለች። ባለ ረጅም ሌንስ ሰው ሳያስፈቅድ ወስዶ ይሄዳል። ባለ 35 ግን ሳይታይ ማንሳት አይችልም፤ ሰላምታ ሊሰጥ፣ የማን ልጅ እንደሆነ ሊናገር ግድ ነው። ካዛንቺስ ውስጥ የማን ልጅ እንደሆነ ያልተናገረ ሰው ደግሞ ፎቶም ቡናም አያገኝም።

አሁን ጠጋ ብለን እንይ። እኩለ ቀን ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ፀሐይዋ ከአናት ቀጥ ብላ ስትወርድ ጥላው ይቆርጣል። እናትየዋ ነጭ ነጠላ ተከናንበዋል፤ ፊታቸው ጠይም ነው፣ ከነጠላው ጥላ ሥር። ለማንኛውም ካሜራ ይህ ፈተና ነው። ነጠላውን ካየ ፊቱ ከሰል ይሆናል፤ ፊቱን ካየ ነጠላው ይነድና ጥለቱ ይጠፋል። ወዳጄ ምን አደረገ? በአውራ ጣቱ ሥር ያለችውን የብርሃን ማስተካከያ መዘውር ሁለት ቀጨጭ አድርጎ ወደ መቀነሻው መለሳት። ሜኑ አልከፈተም፤ ዓይኑንም ከእናትየዋ አላነሳም። ነጠላው ከነጥለቱ ዳነ። ፊቱስ? እዚህ ላይ ነው ከዋጋዋ በላይ የሆነ ሥራ የምትሠራው። ከፊቷ ያለችውን ሚጢጢ ፍላሽ አበራት።

በቀን ፍላሽ? ትሉ ይሆናል። አዎ፣ በቀን። በተራ ትልቅ ካሜራ ፍላሽ ሲበራ ሻተሩ ከ1/200 ወይም ከ1/250 ሰከንድ በላይ መፍጠን አይችልም፤ መጋረጃው ሴንሰሩን ሙሉ በሙሉ የሚከፍተው እስከዚያ ፍጥነት ድረስ ነውና። የእሷ ሻተር ግን መጋረጃ አይደለም፤ ሌንሱ ውስጥ ያለ፣ እንደ አበባ የሚከፈትና የሚከደን ስስ ቅጠል ነው። በ1/1000 ሰከንድም ፍላሹን ይቀበላል። ስለዚህ ፀሐይዋን በፍጥነት ታፍናለች፣ ፊቱን በፍላሽ ታበራለች። ሰማዩ ሰማያዊ፣ ነጠላው ነጭ፣ የእናትየዋ ፊት ከነፈገግታው ደማቅ ጠይም። ጠይም ፊትን በቀትር የሚያነሳ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። በዚያ ላይ ብርሃኑን በስምንት እጅ የሚቀንስ ማጣሪያ ሆዷ ውስጥ አብሮ ተሠርቷል፤ አፐርቸሩን ከፍቶ ጀርባውን ማደብዘዝ ለሚፈልግ ጥሩ ነው።

ግን እናትየዋ ፍንጃሉን «ይህንንም አንሳው» ብለው ወደ ሌንሱ ሲያስጠጉለት፣ አፐርቸሩን እስከ ጫፍ ከፍቶ በኤፍ 2 ያነሳውን ፎቶ ጉም ጋረደው። እስከዚህ ትውልድ ድረስ ሌንሷ ከቅርብ፣ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ሲያይ ይለሰልሳል። ኤፍ 4 ላይ ሲዘጋ ይጠራል። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣችው አምስተኛዋ፣ ኤክስ100 ቪ፣ ሌንሱ ተስተካክሎላታል። የእኛዋ ግን የፊተኛው ነው፤ ወዳጄም «ልስላሴውን ሆን ብዬ ነው» ይላል፣ እኔም ዝም እላለሁ።

ሌላ ቀን በዋናው መንገድ ዳር የአንድ ሕንፃ ጥበቃ አስቆመው። የካዛንቺስ ነገር ይታወቃል፤ ቤተ መንግሥቱም ኤምባሲውም ስላለ ካሜራ ያየ ጥበቃ ሁሉ ይነሣል።

«ወንድም፣ ምን እያነሣህ ነው?»

«ሊስትሮዎቹን ነው ጋሼ።»

ጥበቃው ካሜራዋን ተቀብሎ አገላበጣት። ብርማ አናቷን፣ መዘውሯን አየ። ፊቱ ፈታ አለ። «ዘኒት ናት? የድሮዋ የፊልም ካሜራ? አባቴም ነበረችው» አለና መለሰለት። ከዚያ ግን ኃላፊነቱ ትዝ አለውና «በል ፊልሙን አውጣ» አለ።

እንግዲህ ፊልም ከየት ይምጣ? ወዳጄ ከኋላ ስክሪኑን አብርቶ ሊስትሮዎቹን ሲያሳየው፣ ጥበቃው እንደ መታለል ቆጠረው። «ዲጂታል ናት እንዴ! ታዲያ ለምን የድሮ ትመስላለች?» አለ። ይህን ጥያቄ ከዚያ ጥበቃ በተሻለ የጠየቀ የካሜራ ሐያሲ አላነበብኩም። ኋላ እመለስበታለሁ።

ቀኑ መሸ እንበል። ካዛንቺስ ሲመሽ አዝማሪ ቤት ነበር። ተወዛዋዡ መላኩ በላይ እስክስታውን ለዓለም ያደረሰበት ፈንዲቃ እዚሁ ሰፈር ነበር፤ ሌሎችም ነበሩ። ወዳጄ ከአንዱ ገባ። ቀይ አምፖል፣ ጢስ፣ ማሲንቆ፣ ትከሻ። ትልቅ ካሜራ እዚያ ሲገባ ቤቱ ሁሉ ይዞርበታል፤ ሻተሩም ቀጭ ቀጭ እያለ ማሲንቆውን ይረብሻል። የእሷ ድምፅ ግን ከጎን ለተቀመጠ ሰው እንኳን አይሰማም። ኤፍ 2 ተከፍታ፣ የሴንሰሩን የብርሃን ስሜት የሚለካው አይኤስኦ 6400 ላይ የምታወጣው ፎቶ ጥራጥሬ ቢኖረውም ደስ የሚል ነው። ችግሩ ትከሻው ነው። እስክስታ አይጠብቅም፤ የእሷ ፎከስ ደግሞ በጨለማ እየፈለገ ወዲያ ወዲህ ይላል። የመጀመሪያዋ ኤክስ100ማ በቀንም ዘገምተኛ ነች ተብላ ተወቅሳለች፤ ኋላ በሶፍትዌር እየታደሰች ተሻላት። አይኤስኦውም የተጻፈው ሻተር መዘውሩ ውስጥ ባለች የምስር ፍሬ በምታክል መስኮት ነው፤ ቀለበቱን ወደ ላይ ስቦ ማዞር ያስፈልጋል። በቀይ አምፖል እሱን ማንበብ አይሞከርም። ውበት ብለው ያመጡት የድሮ ነገር ሥራ ሲፈታ እንዲህ ነው።

አዝማሪውም አይቷት ኖሯል፤ ማሲንቆውን ወደ ወዳጄ አዙሮ፦

«ትንሽዬ ካሜራ አንገቱ ላይ ያለች፣
ሁሉን ትወስዳለች መቼ ትሸልማለች።»

ቤቱ ሳቀ። ወዳጄ ሸለመ፤ ባትሪውም እዚያው ላይ አለቀ። ፋብሪካው በአንድ ባትሪ፣ መስኮቷን በመስታወቱ ለሚያይ 390፣ ወደ ኤሌክትሮኒክ ማያ ቀይሮ ለሚያይ 270 ፎቶ ይላል። አዝማሪ ቤት ውስጥ ስክሪኑን እያበራ ለሚያሳይ ሰው ያን ያህል አይሆንም። ሁለተኛ ባትሪ ኪስ ውስጥ ሳይኖር ከቤት መውጣት የለም፣ መብራት በሚጠፋበት ሰፈርማ ሦስተኛም አይበዛም።

ጥር 15 ቀንም ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ንግሥ ሄዶ ነበር። እዚያ ብዙ አልተርክም። ታቦት ሲወጣ ሁለት እርምጃ ቅረብ አይባልም። የተመለሰው ከዣንጥላና ከሰው ጀርባ ጋር ነው። ለሠርክ ጉባኤ፣ ለኳስ ሜዳ፣ ለሰልፍ፣ ከሩቅ ለሚታይ ነገር ሁሉ ይህች ካሜራ አትሆንም፤ አለቀ።

አሁን የጥበቃውን ጥያቄ ላንሳ። ለምን የድሮ ትመስላለች? መዘውሩ ለሥራ ይጠቅማል፣ ብያለሁ። ግን ከመዘውሩ ሌላ ሆዷ ውስጥ የፊልም ቀለሞች አሉ። ፕሮቪያ፣ ቬልቪያ፣ ክላሲክ ክሮም፣ እንዲሁም አክሮስ የሚሉት ጥቁርና ነጭ። ፋብሪካው ፊልም ሲሠራ የኖረ ስለሆነ ያውቅበታል፤ ቀለሙ ያማረ ነው። ፎቶው ኮምፒዩተር ሳይነካው አልቆ ይወጣል። ይህ ለብዙ ሰው ትልቁ ብርታቷ ነው። እኔ ግን የምፈራው ይህንኑ ነው። የዛገ ቆርቆሮ አክሮስ ሲቀቡት ይውባል። የሚያፈስ ጣሪያ ክላሲክ ክሮም ሲያለብሱት ቅኔ ይሆናል። ትናንት ያነሣኸው ሰው የዛሬ ሃምሳ ዓመት የሞተ ይመስላል። ቡና የሚያፈሉት እናት እኮ ሞባይል ይዘዋል፣ ቴሌብር ይቀበላሉ! ወዳጄ የመጀመሪያውን ፎቶ በጥቁርና ነጭ አሳትሞ ሲሰጣቸው አይተው አይተው፣ «ምነው ልጄ፣ ቀለም ተወደደ?» አሉት።

ከተማን ትዝታ ሳይቀቡ የማንሳት ሌላ መንገድም አለ። ሚካኤል ጸጋዬ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ምሩቅ ሠዓሊ ነበር፤ የዘይት ቀለሙ ለጤናው ባይስማማው ወደ ፎቶ ዞረ። የምትፈርሰውንና የምትሠራዋን አዲስ አበባ ሲያነሳ ትዝታን አልቀባትም፤ ፍርስራሹንም ክሬኑንም እኩል ያየዋል። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመው «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተባለ መጽሐፍም የድሮዋን ከተማ ያሳየን ከየቤቱ አልበም በተሰበሰቡ እውነተኛ ፎቶዎች ነው። በእነዚያ ፎቶዎች ውስጥ ማንም የድሮ ለመምሰል አልሞከረም፤ ሁሉም ባለው አዲስ ልብስ፣ በዘመኑ ፋሽን ነው የቆመው።

ከዚያ 2017 ዓ.ም. መጣ። ከተማዋን ለማደስ ቤት የሚያስነሣው የኮሪደር ልማት ካዛንቺስ ደረሰ። ነዋሪው ዕቃውን በአይሱዙ ጭኖ ወደ ተሰጠው ቦታ ሲሄድ፣ ኤክስካቫተሩ ከበስተኋላ ይገባ ነበር። ፈንዲቃም ከቦታው ተነሣ። ወዳጄ ከጠዋት እስከ ማታ እዚያው ነበር። ያን ጊዜ ሁለት ነገር አየሁ።

አንደኛው አቧራ ነው። ይህች ሞዴል ከአቧራና ከውሃ አልታሸገችም። ቪ የምትባለው አምስተኛዋና በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣችው ስድስተኛዋ እንኳን የሚታሸጉት ፊታቸው ላይ ቀለበትና ማጣሪያ ለብቻው ተገዝቶ ሲገጠም ነው። ሌንሱ ስለማይነቀል አቧራ በቀላሉ አይገባም፤ እውነት ነው። ከገባ ግን መንፋትም መጥረግም የለም፤ ካሜራዋ መፈታት አለባት። በፍርስራሽ ውስጥ የሚውል ሰው ይህን ሳያስብ አይገዛትም። ወዳጄ በሥራው መሀል ፌስታል ያለብሳት ነበር፤ ሌንሷ ብቻ በቀዳዳ ይታያል።

ሁለተኛው ይገርማል። ቤቶቹ ሲነሡ፣ ዓይን ሲከፈት፣ የለመድነው መጠን ጠፋ። በዚያ ጠባብ መንገድ ላይ ሌንሷ ልክ ነበር፤ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ፣ ከጀበናው እስከ ቆርቆሮው። አሁን ግን ሰፊ አስፋልት፣ የብስክሌት መንገድ፣ በረድፍ የቆመ የመንገድ መብራት፣ ሰማይ ጠቀስ ፎቅ። ሁለት እርምጃ ቢቀርብ የሚደርስበት ነገር የለም፤ ሁለት እርምጃ ቢያፈገፍግ ፎቁ አይገባለትም። በዚያ ስፋት ላይ ሰው ሲያልፍ ከሩቅ የምትታይ ነጥብ ነው። ለሰፊው ካዛንቺስ ሌላ ሌንስ ያስፈልጋል፤ የእሷ ደግሞ አይነቀልም።

«ታዲያ አዲሷን አትገዛም?» አልኩት። በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣችው ኤክስ100 ስድስት 40 ሜጋፒክስል ናት፣ እጅ ሲንቀጠቀጥ ሴንሰሩ ራሱን ያረጋጋል። ስትወጣ 1,599 ዶላር ነበረች። ተቀምጠን አሰላነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት ባንኩ ዶላሩን በ57 ብር ግድም ሲመነዝር 91,143 ብር ነበረች። ብሩ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ዶላሩ 120 ሲገባ 191,880 ብር ሆነች፤ ቀረጡን፣ ጥቁር ገበያውንና የአክስት ልጅን ውለታ ሳንቆጥር። ሌንሷ ያው 23 ነው። ወዳጄ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና «ሰርግ ልያዝ» አለ።

ሰርጉ ቂርቆስ አካባቢ ነው፣ የሰፈር ልጅ። ወዳጄ ሱፉን ለብሶ፣ ካሜራዋን አንገቱ ላይ አድርጎ በማለዳ ደረሰ። የሙሽራዋ እናት ከላይ እስከ ታች አይተውት፣ ቁርስ አቀረቡለት፣ «ብላ ልጄ» አሉት፣ ከዚያ ወደ በሩ ዞር ብለው፦

«ኧረ ሰዓቱ ሄደ! ካሜራ ማኑ የት ቀረ?»

«እኔ ነኝ እትዬ።»

«አንተማ ጓደኛዋ ነህ፤ ባለ ካሜራውን ነው የምልህ። ቀብድ እኮ ከፍለናል!»

ለማስረዳት ሞከረ። ፍላሹን፣ ቅጠሉን፣ ቀለሙን ነገራቸው። እናትየዋ ካሜራዋን በሁለት ጣት ያዝ አድርገው ለቀቋት። ወዳጄ ወጣና ከማዶ ካለው ፎቶ ቤት ሮጠ፤ ባለቤቱ የታወቀ ሰው ነው፣ ከመስታወቱ ውስጥ የነበረች አሮጌ ትልቅ ካሜራ ከነረጅም ሌንሷ አውጥቶ አዋሰው። ባትሪ የላትም፤ ካርዷም የለም። አንገቱ ላይ አንጠለጠላትና ተመለሰ። «እንዲህ ነው እንጂ!» አሉ እናትየዋ። ቀኑን ሙሉ ትልቋን እያስቀደመ፣ በትንሿ አነሣ። ሙሽሮቹን በቅርብ፣ አባትየውን ሲያለቅሱ በቅርብ፣ ሚዜዎቹን ሲጨፍሩ በቅርብ።

አልበሙ ሲደርስ እናትየዋ ገጹን እየገለጡ አመሰገኑት። አንድ ላይ ግን ቆሙ፤ ሙሽራዋ ከወገቧ በላይ ናት።

«ውይ፣ ጫማዋ! ጫማዋን እኮ በስንት ብር ነው የገዛነው!»

ሂሳቡን ሲጨርሱለት ከቀሪው ክፍያ ላይ ጥቂት ብር ቀነሱበት፣ ለጫማው።